ከካቴናው ባሻገር፤ የመርማሪ ጄምስ ለቬል 99 ዓመታት

ስማቸውን የማያውቅ ሰው እንኳ ፎቶግራፋቸውን ያውቀዋል። በፎቶው በስተግራ ነጣ ያለ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ነጣ ያለ ሰፊ ባርኔጣ የደፉ ግዙፍ ሰው ወደ ኋላ ለጠጥ ብለው ፊታቸውን አጨማደዋል። አጠገባቸው ጠቆር ያለ ሹራብ የለበሰ ቀጭን ወጣት ሕመሙን መቋቋም አቅቶት አፉን በሰፊው ከፍቷል። በስተቀኝ ጀርባውን ለካሜራው የሰጠ ሰው ሽጉጥ ወደ ወጣቱ ሆድ አስጠግቷል። ወጣቱ ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲን በመግደል የተጠረጠረው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ነው። ባለሽጉጡ የምሽት ክበብ ባለቤቱ ጃክ ሩቢ ነው። ባርኔጣ የደፉት ደግሞ የዳላስ ከተማ መርማሪ ፖሊስ ጄምስ ሮበርት ለቬል ናቸው።

ለቬል ነሐሴ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ሲያርፉ 99 ዓመት ከሞላቸው ገና ስድስት ቀናቸው ነበር። የዓለም ጋዜጦች የሞታቸውን ዜና ያወጡት ከዚያው ፎቶግራፍ ጋር ነው። በፐርል ሃርበር ከጃፓን ቦምብ የተረፉ መርከበኛ፣ ሩብ ምዕተ ዓመት በፖሊስነት ያገለገሉ ባለሙያ፣ ከጡረታም በኋላ ሥራ ያልፈቱ ሰው ነበሩ። ሰው የሚጠይቃቸው ግን ስለዚያች ቅጽበት ብቻ ነበር፤ እሳቸውም ሳይሰለቹ ለጠየቃቸው ሁሉ ሲመልሱ ኖሩ።

(ከዚህ በታች በሌላ መልክ ካልተገለጸ በቀር ቀኖቹና ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ከእርሻ ወደ መርከብ

ለቬል ኦገስት 23 ቀን 1920 በሰሜን ምሥራቅ ቴክሳስ፣ ሬድ ሪቨር በተባለች የገጠር አውራጃ ተወለዱ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው የ1929ኙ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ። እንዲህ ባለው የእርሻ አገር ለሚያድግ ወጣት ከትምህርት በኋላ ደመወዝ የሚገኝበት መንገድ ጥቂት ነበር፤ ከጥቂቶቹ አንዱ የጦር ሠራዊቱ ነው። ለቬልም ገና በአፍላነታቸው ባሕር ኃይል ገቡ።

የተመደቡባት መርከብ «ዊትኒ» ትባላለች። ዊትኒ ራሷ የምትዋጋ መርከብ አልነበረችም። ሥራዋ «ዲስትሮየር» የሚባሉትን ፈጣን የጦር መርከቦች መጠገን፣ ጥይትና ስንቅ ማቀበል ነበር። ዲሴምበር 7 ቀን 1941 እሑድ ጠዋት 1፡55 ገደማ የጃፓን አውሮፕላኖች በፐርል ሃርበር ወደብ ላይ ሲወርዱ ዊትኒ የምታገለግላቸውን ዲስትሮየሮች በጎኗ አስጠግታ መልሕቅ ጥላ ነበር። በዚያ ጠዋት 2,403 አሜሪካውያን ሞቱ፤ ከእነዚህ ውስጥ 1,177ቱ «አሪዞና» በተባለችው አንዲት የጦር መርከብ ላይ የነበሩ ናቸው። ዊትኒ ተረፈች፤ የ21 ዓመቱ ለቬልም አብረዋት ተረፉ።

የቦምቡ ናዳ ያላደረሰባቸውን ጉዳት ግን ማዕበል አደረሰባቸው። በቀጣዩ ዓመት መርከባቸው በባሕር ላይ ስትናጥ ወድቀው ክፉኛ ተጎዱና ወደ ካሊፎርኒያ የባሕር ኃይል ሆስፒታል ተላኩ። የባሕር ኃይል አገልግሎታቸው በዚሁ ጉዳት ምክንያት ቢያበቃም ሆስፒታሉ ሌላ በር ከፈተላቸው። እዚያ ስታስታምማቸው የነበረችውን ነርስ አገቡ።

በ1950 የዳላስ ፖሊስን ተቀላቀሉ። በ1963 የምናገኛቸው በፖሊስ ዋና መምሪያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቢሮ ቁጥር 317፣ በነፍስ ግድያና ዝርፊያ ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። አለቃቸው ሻምበል ዊል ፍሪትዝ ነበሩ። ፍሪትዝ በዳላስ የግድያ መዝገቦች ለብዙ ዓመታት የመጨረሻ ቃል የነበራቸው፣ ተጠርጣሪን በማናገር ስማቸው የተጠራ አንጋፋ ናቸው።

ሁለተኛው ሟች

ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ከቀኑ 6፡30 ላይ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በክፍት መኪና ዳላስ መሐል ሲያልፉ በጥይት ተመቱ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በፓርክላንድ ሆስፒታል ሞታቸው ታወቀ። ከዚያ የሆነውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ በመሐሉ ተረስቶ የሚቀር አንድ ሰው ግን አለ።

7፡15 ገደማ፣ ኦክ ክሊፍ በተባለው ሰፈር ምሥራቅ 10ኛ መንገድ ላይ፣ ብቻውን በፓትሮል መኪና የሚዘዋወር ጄ. ዲ. ቲፒት የተባለ የ39 ዓመት ፖሊስ አንድ እግረኛ አስቁሞ ከመኪናው ወረደ። እግረኛው ሽጉጥ አውጥቶ በአራት ጥይት ገደለውና ሮጠ። ቲፒትም እንደ ለቬል የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማች፣ በአውሮፓ ያገለገለ የፓራሹት ወታደር ነበር። ሦስት ልጆች ነበሩት።

ፖሊሶች ተኳሹን ተከታትለው 7፡50 ገደማ ቴክሳስ ቲያትር በተባለ ሲኒማ ቤት ውስጥ ያዙት። ሽጉጥ በእጁ ነበር። ተያዡ ኦስዋልድ የፕሬዚዳንቱ አጀብ ያለፈበትና ጥይቱ ተተኮሰበት የተባለው የመማሪያ መጻሕፍት ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ መዝገቦች የተገናኙት በዚህ ነው።

ለቬል የተመደቡት በቲፒት ግድያ ላይ ነበር። ሥራው ማንኛውም የግድያ መርማሪ የሚያውቀው የዕለት እንጀራ ነው፦ ግድያው የተፈጸመበትን ቦታ ማየት፣ ያዩ ሰዎችን ማሰባሰብ፣ ቃላቸውን መቀበል፣ ተጠርጣሪውን ከሌሎች ሰዎች ጋር አሰልፎ እንዲለዩት ማድረግ። በመንገዱ ላይ አራት የሽጉጥ ቀለሃዎች ተለቅመዋል፤ የዓይን ምስክሮችም ነበሩ። ማስረጃው ቶሎ በመሰብሰቡ ኦስዋልድ በዚያው ምሽት 1፡10 ላይ ክስ ተመሠረተበት። በመጀመሪያ የተከሰሰው ታዲያ ፖሊስ ቲፒትን በመግደል ነው። በፕሬዚዳንቱ ግድያ የተከሰሰው ከዚያ ብዙ ሰዓት ዘግይቶ፣ ሌሊቱ ከገፋ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ክስ የቆመው እንግዲህ እነ ለቬል ባሰባሰቡት ማስረጃ ላይ ነበር።

የአገር መሪ ገዳይ በከተማ ፖሊስ እጅ

የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ገድሏል የተባለ ሰው በአንድ ከተማ ፖሊስ ጠባብ ቢሮ ምን ይሠራ ነበር? መልሱ ከሕጉ ይገኛል። በ1963 ፕሬዚዳንትን መግደል በፌዴራል ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል አልነበረም። ግድያው በቴክሳስ ሕግ እንደ ማንኛውም የነፍስ ግድያ ስለሚታይ ምርመራውም የዳላስ ፖሊስ ሥልጣን ነበር፤ ኤፍ ቢ አይ እና የፕሬዚዳንቱ ጠባቂዎች ወንበር ስበው ይቀመጡ እንጂ ባለቤቶቹ አልነበሩም። ኮንግረሱ ይህን ክፍተት የደፈነው በ1965 ነው።

የምርመራው አያያዝም የዘመኑን ደካማነት ያሳያል። ኦስዋልድ በሁለት ቀናት ውስጥ በድምሩ 12 ሰዓት ያህል ተጠይቋል፤ አንዲት ቃል ግን በድምፅ መቅረጫ አልተያዘችም። ክፍሉ መቅረጫ አልነበረውም። ዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች የሚያገላብጡት መርማሪዎቹ ቆይተው ከማስታወሻና ከትዝታ የጻፉትን ነው። ከበሩ ውጭ ደግሞ ኮሪደሩ ጢም ብሏል። በሦስተኛው ፎቅ መተላለፊያ ላይ ከመቶ ያላነሱ ጋዜጠኞች ካሜራና ኬብላቸውን ዘርግተው ሰፍረውበታል። እስረኛው ከክፍል ወደ ክፍል በወጣ ቁጥር ማይክሮፎን አፉ ሥር ይሰነቀራል። የፖሊስ አዛዡ ጄሲ ከሪ ከተማቸው በዓለም ፊት በተከሰሰችበት ሰዓት የሚደብቁት ነገር እንደሌለ ለማሳየት ፈልገው ነበር።

በቴክሳስ አሠራር በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ከከተማው ፖሊስ ጣቢያ ወደ አውራጃው ወኅኒ ቤት ይዛወር ነበር። ወኅኒ ቤቱ የነበረው አንድ ማይል ገደማ ርቆ፣ ኬኔዲ የተመቱበት አደባባይ ጥግ ላይ ነው። አዛዡ ከሪ ዝውውሩ እሑድ ኖቬምበር 24 ከጠዋቱ 4፡00 በኋላ እንደሚሆን ለጋዜጠኞች አስቀድመው ተናገሩ። በዚያው ሌሊት እስረኛውን እንገድለዋለን የሚሉ የስልክ ዛቻዎች ለኤፍ ቢ አይ እና ለአውራጃው ሸሪፍ ቢሮ ደረሱ።

«በሌላ በር እናውጣው»

እሑድ ጠዋት ለቬል ለአለቃቸው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። በኋላ የኬኔዲን ግድያ ለመረመረው ለዋረን ኮሚሽን በሰጡት ቃል እንደተመዘገበው ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ጋዜጠኞቹ ምድር ቤት ተኮልኩለው ይጠብቁ፤ እኛ እስረኛውን በአሳንሰር አንደኛ ፎቅ ላይ አውርደን በሜይን ስትሪት በኩል እናውጣው፤ ሰው ሳይነቃ ወኅኒ ቤት እንደርሳለን። ሻምበል ፍሪትዝ አልተቀበሉትም። አዛዡ ለጋዜጠኞች ቃል ስለገቡ ዝውውሩ እነሱ በሚያዩት መንገድ መሆን ነበረበት።

የመጨረሻው ምርመራ ከታሰበው በላይ ተጓተተ፤ የፖስታ ቤት ተቆጣጣሪም ጥያቄ ለመጠየቅ ገብቶ ነበር። 4 ሰዓት አለፈ፤ 5 ሰዓትም አለፈ። ሊወጡ ሲሉ ኦስዋልድ ሹራብ ልልበስ አለና ጠቆር ያለ ሹራብ አጠለቀ። የኦስዋልድ ሁለት እጆች በአንድ ካቴና ታስረዋል፤ በሌላ ካቴና ደግሞ የእሱ ቀኝ እጅና የለቬል ግራ እጅ ተቆራኙ። በእስረኛው ግራ በኩል ክንዱን የያዙት መርማሪ ኤል. ሲ. ግሬቭስ ናቸው።

ለቬል ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደጋግመው የተናገሩት ጨዋታ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የሚተኩስብህ ካለ እንዳንተው ዒላማ የማይስት ይሁን አሉት፤ ጥይቱ እኔን እንዳያገኘኝ ማለታቸው ነው። ኦስዋልድ ፈገግ ብሎ ማንም አይተኩስብኝም አላቸው።

በዚህ መሐል ሩቢ በሜይን ስትሪት በሚገኘው ዌስተርን ዩኒየን ቢሮ ተራውን ይጠብቅ ነበር። በክበቡ ለምትሠራ ዳንሰኛ 25 ዶላር ላከ፤ ደረሰኙ ላይ የታተመው ሰዓት 5፡17 ይላል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ፖሊስ መምሪያው ምድር ቤት የሚያስገባው የመኪና መውረጃ ድረስ የአንድ ሕንጻ ርዝመት ያህል ተራመደ። ዋረን ኮሚሽን እንደደመደመው አንድ የፖሊስ መኪና በዚያው መውረጃ ሽቅብ ሲወጣ በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ትኩረቱ ሲከፈል ሩቢ ሾልኮ ገባ።

5፡21 ላይ እነ ለቬል ከምድር ቤቱ በር ብቅ አሉ። የቴሌቪዥን መብራት ዓይናቸውን ወጋው። ከግድግዳው አትለፉ የተባሉት ጋዜጠኞች ተግተልትለው ወደፊት መጥተዋል። እስረኛውን ሊወስድ የተዘጋጀው መኪና ገና ወደ ኋላ እየመጣ ነው፤ በሩ ፊት ሊቆም ሲገባው አልደረሰም። በዚያ ጭንቅንቅ ውስጥ ለቬል አንድ የሚያውቁት ፊት አዩ፤ በእጁ ሽጉጥ አለ። ኦስዋልድን በካቴናው ጎትተው ከኋላቸው ሊያደርጉት ሞከሩ፤ በሌላ እጃቸው የሩቢን ትከሻ ገፉ። አልደረሱም። አንዲት ጥይት ተተኮሰች፤ በኦስዋልድ ግራ ሆድ ገባች። ሁለተኛ ጥይት ያልተከተለው ግሬቭስ ሽጉጡን ከነእጁ ጨምድደው ስለያዙ ነው። ይህ ሁሉ በቀጥታ የቴሌቪዥን ሥርጭት ታየ።

የቆሰለው ኦስዋልድ ኬኔዲ ወደ ሞቱበት ሆስፒታል ተወስዶ 7፡07 ላይ ሞተ። ለቬል በአምቡላንሱ ውስጥ አብረውት ነበሩ።

ከሰከንድ ያነሰ ልዩነት

በምድር ቤቱ ከተነሡት ፎቶግራፎች ሁለቱ በታሪክ ስማቸው ይነሣል። የ«ዳላስ ሞርኒንግ ኒውስ» ባልደረባ ጃክ ቢርስ ሩቢ ሽጉጡን ዘርግቶ ሲንደረደር አነሣ፤ በእሱ ፎቶ ላይ እነ ለቬል የመጣባቸውን ገና አላዩም። የ«ዳላስ ታይምስ ሄራልድ»ው ቦብ ጃክሰን ካሜራውን የተጫነው ከስድስት አሥረኛ ሰከንድ በኋላ ነው። በዚያች ክፍተት ጥይቱ ተተኩሶ፣ የኦስዋልድ አፍ ተከፍቶ፣ የለቬል ፊት ተጨማዶ ነበር። የ1964ን የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው ጃክሰን ሆነ።

በማግስቱ፣ ኅዳር 15 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ሦስት ቀብሮች በአንድ ቀን ተፈጸሙ። በዋሽንግተን የኬኔዲን አስከሬን ካጀቡት የውጭ መሪዎች መካከል ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፈረንሳዩ ቻርል ደጎል ጋር በፊተኛው ረድፍ በእግራቸው ተጉዘዋል። ንጉሠ ነገሥቱ የኬኔዲ እንግዳ ሆነው ዋሽንግተንን ከጎበኙ ሁለት ወር እንኳ አልሞላቸውም ነበር። በዳላስ ጄ. ዲ. ቲፒት በሥራ ባልደረቦቹ ታጅቦ ተቀበረ፤ ለባለቤቱና ለሦስት ልጆቹ ከመላው አገሪቱ ሰዎች ያዋጡት ገንዘብ በኋላ ከ600 ሺሕ ዶላር በላይ ደርሷል። በጎረቤት ፎርት ዎርዝ የኦስዋልድን ሣጥን የሚሸከም ሰው ጠፍቶ ሊዘግቡ የመጡ ጋዜጠኞች ተሸከሙት።

በዚያው ሰኞ ዳላስ ውስጥ ሌላ እስረኛ ወደ አውራጃው ወኅኒ ቤት ተዛውሯል፤ ጃክ ሩቢ። በዚህ ጊዜ ለጋዜጠኛ የተነገረ ሰዓት አልነበረም። ከአጃቢዎቹ አንዱ ለቬል ነበሩ፤ እስረኛውም ያለ አንዳች ኮሽታ ደረሰ። ለቬል እንደተናገሩት በመንገድ ላይ ሩቢን ለፖሊሶች መልካም አልዋልክላቸውም ብለው ወቅሰውታል፤ እሱም ጀግና ልባል ብዬ ነገሩን አበላሸሁት የሚል መልስ ሰጥቷቸዋል። ሩቢ በማርች 1964 ሞት ተፈረደበት። ፍርዱ በ1966 ተሽሮ አዲስ ችሎት ሲጠብቅ በጃንዋሪ 3 ቀን 1967 በዚያው በፓርክላንድ ሆስፒታል ሞተ።

ከባርኔጣው በኋላ

ለቬል እስከ 1975 በፖሊስነት ቀጠሉ። ጡረታ ከወጡም በኋላ ከሙያው አልራቁም፤ በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ምርመራ የሚያካሂድ የራሳቸውን ድርጅት ከፈቱ። እየቆዩ ሲሄዱ ከዚያ ምድር ቤት የቀሩት ሰዎች ቁጥር እየመነመነ መጣ፤ እሳቸው ግን ወደ ትምህርት ቤቶች፣ ወደ መድረኮች፣ ወደ ቴሌቪዥን ስቱዲዮዎች እየተጠሩ ያንኑ ታሪክ ያስረዱ ነበር። ኦስዋልድ ብቻውን ነው ያደረገው ከሚለው አቋማቸው እስከ መጨረሻው ንቅንቅ አላሉም። በ1979 አንድ የኮንግረስ ኮሚቴ ሴራ ሳይኖርበት አይቀርም የሚል መደምደሚያ ላይ ሲደርስ፣ በ1982 ደግሞ የሳይንቲስቶች ቡድን ኮሚቴው የተደገፈበትን የድምፅ ማስረጃ ውድቅ ሲያደርገው፣ እሳቸው አቋማቸውን የለወጡበት ጊዜ የለም።

ለቬል በእርጅናቸው የኖሩባት የዳላስ ጎረቤት ጋርላንድ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የሚኖሩባት ከተማ ናት። እዚያ ያላችሁ አንባቢዎች ወደ ዳላስ መሐል ከተማ ብቅ ብትሉ፣ የዚያ የመጻሕፍት ግምጃ ቤት ስድስተኛ ፎቅ ከ1989 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል። ለቬል በዚያ እሑድ ለብሰውት የነበረው ነጣ ያለ ሙሉ ልብስ ለዚሁ ሙዚየም ተሰጥቷል። ኦስዋልድ የተመታበት፣ የፖሊስ መምሪያው የነበረበት የቀድሞው የማዘጋጃ ቤት ሕንጻም ታድሶ፣ ለቬል ባረፉበት ዓመት በ2019፣ የሕግ ትምህርት ቤት ሆኗል።

የዳላስ ፖሊስ በ2013፣ መርማሪው በሕይወት ሳሉ፣ የዓመቱን ምርጥ መርማሪ ሽልማት በስማቸው ሰየመ። አንዳንድ ተመልካች ፎቶውን እያየ አንድ እስረኛ መጠበቅ ያቃተው ፖሊስ ነው የሚያየው። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም። የዋረን ኮሚሽን ዘገባ በ1964 ሲወጣ ወቀሳውን ያሳረፈው ዝውውሩን አስቀድሞ ባሳወቀው፣ ምድር ቤቱን ለጋዜጠኛ በከፈተውና ጥበቃውን ባላላው አሠራር ላይ ነው። ጄምስ ለቬል በዚያው ኮሚሽን መዝገብ ውስጥ የሚገኙት ሌላ በር ጠቁመው ሰሚ ያጡ መርማሪ ሆነው ነው።